ደብዳቤ ለልጄ፦ ከምሳ በኋላ ላለችው ሰዓት

ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ቤቱም ሰፈሩም ያንቺን ሠርግ እያወራ ነው።

«ከምሳ በኋላ እንግዳውን በምን እናጫውተው?» ብለሽ የጠየቅሽኝን ሳስብበት ሰነበትሁ። መጠየቅሽ ደግ ነው። ሙሽሮች ለፎቶ ሲወጡ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ፣ ኬክ እስኪቆረስ ያለችው አንድ ሰዓት ተኩል ናት ሠርግ የምታቀዘቅዘው። ሙዚቃውን ከፍ ማድረግ መድኃኒት አይሆናትም፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ዘመዳሞች እንኳ መነጋገር ያቅታቸዋል። የኛ አገር ሰው ጨዋታው ያለው አንደበቱ ላይ ነው። ስለዚህ ከሩጫና ከፊኛ ማፈንዳት ይልቅ ሁለቱን ወገን ቃል የሚያቀባብል ጨዋታ ምረጪ። ሦስት ይበቃል።

ዋናው «ተቀበል» ይሁን። ማሲንቆ መቺው መሃል ይቆማል፤ እንግዳው ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል፤ እሱም በዜማ ያወጣለታል። ልማዱን ማንም ያውቀዋል፤ 300 ሰው ባለበት አዳራሽ ግን ዝም ብሎ ቢለቀቅ ይበላሻል። መጀመሪያ ማንም አይደፍርም፤ ጠጁ ከዞረ በኋላ ደግሞ ሁሉም ባንዴ ይጮኻል። ምሳው ሳይነሣ ሚዜዎቹ 20 ቁራጭ ወረቀት ይዘው ግጥም ያውቃሉ ለተባሉ ሰዎች ያድሉ፤ አሥሩን ለወንዱ ወገን፣ አሥሩን ለኛ። ግማሹ ቢመለስ በቂ ነው፤ አሥር ግጥም ከነጭብጨባው 25 ደቂቃ ይሞላል። መጻፍ ለማይሆንላቸው አባቶችና እናቶች ሚዜው ጎንበስ ብሎ ሰምቶ ይጻፍላቸው። እነሱን እንዳትዘሉ አደራ፤ ጥሩ ጥሩው ከነሱ ዘንድ ነው ያለው።

ስንኞቹ እኩል ይመቱ። ለዚህ የሚመቸው የወል ቤት ነው፤ በአንድ ስንኝ 12 ቀለም (ባንዴ የሚነበብ ድምፅ አንድ ቀለም ነው)፣ ስድስት ላይ እረፍት። በጣት ይቆጠራል። አንድ ቀለም ከተረፈ ማሲንቆ መቺው ቃሉን ይውጠዋል፣ ግጥሙም ሳይሰማ ያልፋል። ለምሳሌ ይህችን ተመልከቻት፦

ለሠርግ እንዳይመጡ ዘመዶቼ ሁሉ፣
የከለከላቸው አባይ ነው ይላሉ።

ለ-ሠርግ-እን-ዳይ-መ-ጡ፣ ስድስት። ዘ-መ-ዶ-ቼ-ሁ-ሉ፣ ስድስት። ሰሙ፣ ከሸዋ የሚመጡትን ዘመዶች ወንዙ አስቀራቸው ነው። ወርቁ እዚያው «አባይ» ላይ ነው፤ አባይ ውሸታምም ነውና «ያስቀራቸው አንድ ውሸታም ነው» ይላል። እንግዲህ ከሙሽራው ወገን አንድ አጎት አኩርፎ ቀርቶ ከሆነ፣ ይህች ግጥም አማቾቻችንን በአደባባይ ውሸታም ብላ ሰደበች ማለት ነው። ወጣቱ የመድረክ መሪ አይሰማውም። ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ ቅኔ ሲዘሩበት በኖሩበት አገር ግን ከበሩ ሥር የተቀመጠውም ይሰማዋል። ስለዚህ ወረቀቶቹ መድረክ ሳይደርሱ ቅኔ የተማሩ አንድ አባት ይዩዋቸው። ሰምና ወርቅ ያለበትን ኅብረ ቃል ፈጥነው ያገኙታል፤ ነገር ያለበትን ደግሞ ቀስ ብለው ኪሳቸው ያስቀሩታል።

ማሲንቆ ቆዳ ነው፤ ከበሮም እንዲሁ። ቅዝቃዜና እርጥበት ሲያገኛቸው ቆዳው ይላላል፣ ድምፃቸውም ይወርዳል። ጠዋቱን ፀሐይ ላይ ይዋሉ፤ ፀሐይ ከሌለ ከምድጃው ራቅ ብለው ይሙቁ። አንድ ማይክ ለዘፋኙ አፍ፣ አንድ ደግሞ ዝቅ ብሎ ለማሲንቆው ይቁም፤ በአንድ ማይክ ሁለቱን ለመያዝ ሲሞከር ግጥሙ ይሰማና ማሲንቆው ይጠፋል። መብራት ቢሄድ ከበሮውን የሚመታ ሰው ከወዲሁ ይታወቅ። ለሽልማት ዝርዝር ብር አስቀምጡ፤ ድፍን ብር ብቻ የያዘ ሰው መሸለም እየፈለገ ተሸማቆ ይቀመጣል።

ቀጥሎ እንቆቅልሽ፣ ወገን ለወገን። ከየወገኑ አምስት ጥያቄ ይበቃል። ያረጁትን አታምጡ፤ «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው» ሲባል ሕፃኑ ሁሉ «ወንዝ!» ይላል፣ ጨዋታው አለቀ። አዲስ ይፈጠር፤ «ጭራው የፈረስ፣ ቆዳው የፍየል፣ ድምፁ የሰው» ቢባል መልሱ እፊታቸው ቆሞ ሲያዜም የነበረው ማሲንቆ ነው፤ ሰው ዓይኑ እያየው ይጨነቅበታል። እስከ አሥር ተቆጥሮ ካልታወቀ «አገር ስጡ» ይባል። ጣፋጩ ይሄ ነው። ደንበጫን ሲሰጡ እምቢ፣ ቡሬን ሲሰጡ እምቢ፣ ዳንግላን ሲጨምሩ «ፈረሱም አብሮ ይሰጠን» እየተባለ፣ ክርክሩ ሲሞቅ አንዱን ተቀብሎ መልሱን መንገር ነው። መሪው ሰው ሳይከራከር መልሱን ከነገረ ጨዋታውን ገደለው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ብሎ የሚመልሰው ወገኑ ባንድ ድምፅ ይሁን፤ ያን ጊዜ ዳር ያለውም ገባበት ማለት ነው።

እንካ ስላንትያን ለሚዜዎች ብቻ ተዪው፤ ቀልዱ ስድብ ነውና። «በዳቦ» «ምን አለህ በዳቦ?» «ሙሽራውን ረሳህ ሆድህ ተርቦ» እየተባባሉ በመካከላቸው ቢጫወቱ ያምራል። ከአማች ጋር ግን በፍጹም።

እናንተ ከፎቶ ስትመለሱ የጫማውን ጨዋታ እንጫወታለን ብለሻል። ጀርባ ለጀርባ ተቀምጦ፣ ጫማ ተለዋውጦ፣ ጥያቄ ሲነበብ የራስን ወይም የሌላውን ጫማ ማንሣት። ጨዋታው ጥሩ ነው፤ በካህናትና በሽማግሌ ፊት ጫማ ማንሣት ግን ነውር ይመስላል። በጫማው ፋንታ ለሁለታችሁም አንድ አንድ አጭር ዱላና አንድ አንድ ነጠላ ይሰጣችሁ፤ ዱላው እሱን፣ ነጠላው አንቺን ይወክል። ነጠላ ከሩቅም ይታያል። ወንበሮቹ መደገፊያ ክንድ የሌላቸው ይሁኑ፣ አለዚያ ቬሎው ይያዛል። ጥያቄው ከ12 አይብለጥ፤ ዝርዝሩን አንቺ ቀድመሽ እይው። ስለ ድሮ ወዳጅ፣ ስለ ገንዘብና ስለ አማት የሚያነሣ ጥያቄ ይውጣ። «ቀድሞ የሚያኮርፈው ማነው?» ይግባ፤ «ቀድሞ ይቅርታ የሚለው ማነው?» መጨረሻ ይሁን።

ልጆቹን አዳራሽ ውስጥ አታጫውቱ። በወንበር ዙሪያ የሚሮጡትን ጨዋታ ደጅ ሣሩ ላይ አድርጉላቸው፤ ሰድር ላይ የፕላስቲክ ወንበር ይንሸራተትና ልጅ ይወድቃል። ለ8 ልጅ 7 ወንበር። ዘፈኑን የሚያቆመው ሰው ጀርባውን ይስጣቸው፣ አለዚያ «ለእሱ አደላ» ተብሎ ለቅሶ ይሆናል።

ሁሉም ነገር ሽማግሌዎች ከመረቁ በኋላ፣ 8 ሰዓት ላይ ይጀመር፤ ከ10 ሰዓት በፊት ይለቅ። ከገጠር የመጣው ዘመድ መኪና ሳይጠፋ መነሣት ይፈልጋል፤ ዓይኑ በር በር የሚያይ ሰው ደግሞ አይጫወትም። አንድ ግጥም ቀርቶ ሰው «ጨምሩ» እያለ እንኳ ቢሆን ሰዓቱ ሲደርስ አቁሙ፤ ከዚያ በኋላ እስክስታው ራሱ ይሸከመዋል።

አሁን ሁለት ነገር ላኪልኝ። አንደኛ፣ ከሙሽራው ወገን ግጥም የሚያውቁትን ሰዎች ስም። ሁለተኛ፣ ከሁለታችንም ወገን በዚህ ዓመት ሐዘን ያገኘው ሰው ካለ አጣርተሽ ጻፊልኝ፤ ወረቀት ሲታደል እንዳይሰጠው፣ አጠገቡም ሄደው «ተቀበል» እያሉ እንዳይጮኹበት። ማሲንቆ መቺውን እኔ በዚህ ሳምንት አነጋግረዋለሁ።

እናትሽ