ስለ ቦቃ ልብ፣ ለልጄ

ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ ልጄ፣

አሰላሙ አለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እኔም አባትሽም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለፈው በስልክ ስለ ድመትሽ «እማ፣ ቦቃ ይድናል ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ በቅጡ ሳልመልስልሽ የቀረሁት መልሱ ጠፍቶኝ ሳይሆን፣ ከሥራ ስትመለሺ ታክሲ ውስጥ ሆነሽ የሚሰማ ነገር ስላልመሰለኝ ነው። አይድንም። የልቡ ጡንቻ አንዴ ከወፈረ ወደነበረበት የሚመልሰው መድኃኒት በእጃችን የለም። በእጃችን ያለው ሳንባው ውኃ እንዳይቋጥር፣ ደሙ እንዳይረጋ፣ ክፉ ቀን ሲመጣም በሕመም እንዳይጮህ ማድረግ ነው። ለዒድ መጥተሽ ወደ አዲስ አበባ ልወስደው ስላልሽ፣ ከመምጣትሽ በፊት የማውቀውን ሁሉ ጽፌ፣ አንድ የምንወስነውንም ነገር ላስቀድምልሽ ብዬ ነው።

አብሽሪ፣ መጀመሪያ «ምን አብልቼው ይሆን?» እያልሽ ራስሽን መውቀሱን ተዪ። የታይሮይድ ሆርሞን መብዛትና የደም ግፊት የድመትን ልብ ሊያወፍሩ ስለሚችሉ ሐኪሙ ሁለቱንም አጣርቶ የለም ብሏል። የቀረው ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ የሚሉት፣ የልብ ጡንቻ በራሱ የሚወፍርበት፣ በድመቶች ዘንድ ከልብ ሕመሞች ሁሉ የሚበዛው በሽታ ነው። ጤነኛ ከሚመስሉ ድመቶች እንኳ ከመቶ 15 ያህሉ ይኖርባቸዋል ተብሎ ይገመታል፤ ብዙዎቹም ሳይታመሙበት ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ሜይን ኩንና ራግዶል በሚባሉት የፈረንጅ ዘሮች ላይ ከወላጅ የሚወረስ የዘረመል ለውጥ እንደሚያመጣው ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ታውቋል። ከመናኸሪያው ጀርባ በክረምት ዝናብ በስብሶ ያነሳሽው የእኛ ቦቃ ግን የዘር ሐረጉ አይታወቅም፤ ቢታወቅም የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

እኔ በሥራ ዘመኔ ያስታመምኳቸው ወጣት የልብ ሕሙማን አብዛኞቹ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ ቫልቫቸው የተበላሸባቸው ነበሩ። የቦቃ ችግር ከቫልቭ አልጀመረም። የልቡ ግራ የታችኛው ክፍል ግድግዳ ልቡ በሚፍታታበት ጊዜ ተለክቶ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህ ለድመት ወፍራም ነው። እንዲህ ያለ ልብ መጭመቁን ይጨምቃል፤ የሚያቅተው መፍታታቱ ነው። ስለማይፍታታ ደም የሚይዝበት ቦታ ይጠብበታል፤ ደሙ ወደ ኋላ እየገፋ የላይኛውን ክፍል ይለጥጠዋል፤ ግፊቱ ሳንባ ሲደርስም ፈሳሹ ወደ ሳንባው ውስጥ፣ አለዚያም በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል ወዳለው ክፍተት ይወጣል። የምንፈራቸው ሁለቱ አደጋዎች ማለትም የሳንባ ውኃና የረጋ ደም ምንጫቸው ይኸው የላይኛው ክፍል መለጠጥ ነው።

ሰው ልቡ ሲደክም እግሩ ያብጣል፣ ትራስ ደራርቦ ይቀመጣል፣ ይስላል፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ቀድሞ ያውቃል። ድመት ከዚህ ሁሉ አንዱንም ላያሳይ ይችላል። በልብ ድካም የሚስል ድመት ብዙም አይገጥምም። ዝም ብሎ አንድ ጥግ ይቀመጣል፣ ክርኖቹን ከጎኑ አራርቆ ይንበረከካል፣ ምግብ ይተዋል፤ አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ ካየሽው ግን ነገሩ እጅግ ዘግይቷል። ስለዚህ ከመሣሪያ ሁሉ የሚበልጥብኝ የትንፋሽ ቆጠራው ነው። ተኝቶ ሳለ፣ ኩርር ሳይል፣ በሕልሙም ሳይወራጭ፣ ደረቱ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ብለሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። የቦቃ ልማዱ 22 እና 24 አካባቢ ነው። ከ30 ካለፈ ሳትቀሰቅሺው ትንሽ ቆይተሽ ድገሚው፤ አሁንም ካለፈ ለሐኪሙ የሚደወለው ያኔውኑ ነው። ከ40 በላይ ከሆነ፣ ወይም ድዱና ምላሱ ከገረጣ፣ ሌሊት ነው፣ ዒድ ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም። በየምሽቱ በደብተር የምመዘግበውን ስትመጪ ታዪዋለሽ፤ አንዷን የብቻ ቁጥር ሳይሆን ከልማዱ ወደ ላይ መንሸራተቱን ነው የምናየው።

ስለ መድኃኒቱ። ሳንባው ውኃ እንዳይቋጥር ሽንት የሚያበዛውን መድኃኒት፣ ላሲክሱን፣ ጠዋትና ማታ ይወስዳል፤ መጠኑን ሐኪሙ በክብደቱ ለክቶ የሰጠው ነውና በራስሽ ግምት አትጨምሪ፣ ደህና ሆነ ብለሽም አትቀንሺ። ብዙ ይሸናል፣ ብዙ ይጠጣል፤ ሽንቱ በዛ ብሎ ውኃ መከልከል ኩላሊቱን መግደል ስለሆነ ውኃው ሁልጊዜ ከፊቱ ይሁን። ኩላሊቱና የደሙ ፖታሲየም በየጊዜው በደም ምርመራ መታየት አለባቸው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ክሎፒዶግሬል ደግሞ የሰው 75 ሚሊግራም ኪኒን ሩቡ ነው፣ በቀን አንድ ጊዜ። ፋርማሲ ውስጥ «አስፕሪን ይበቃዋል፣ ርካሽ ነው» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። አንድ ጊዜ የረጋ ደም አደጋ አልፎባቸው በተረፉ ድመቶች ላይ ሁለቱን ያነጻጸረ ጥናት፣ ክሎፒዶግሬል ቀጣዩን አደጋ ከአስፕሪን ይበልጥ እንደሚያዘገይ አሳይቷል። መራራነቱ ግን አይጣል ነው! ምላሱን ከነካው አፉ አረፋ ይደፍቃል፤ ለሳምንት ያህልም እጅሽን ባየ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባል። በምላጭ ከፍዬ ባዶ እንክብል ውስጥ እከተውና ጫፉን ቅቤ ነገር አስነክቼ እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ ውኃ በመርፌ ቱቦ ጠብ አደርግለታለሁ።

ጎረቤቶቻችን ቡና ላይ «ለሰው ያልተረፈ መድኃኒት ለድመት!» ይላሉ። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ድመት አስራ በማስራቧ የተቀጣችውን ሴት የሐዲስ ታሪክ ከእኔ በላይ የሚያውቁ ናቸው። ለነገሩ አንድ ሰው በወር የሚጨርሰው ክሎፒዶግሬል ለቦቃ አራት ወር ይሄዳል፤ ይህን ስነግራቸው ክርክሩ ጋብ ይላል።

በምግብ በኩል ከአንቺ ይልቅ የምፈራው የቤት አከራይሽን ደግነት ነው። ወጥ ማንም ሰው እንዳይሰጠው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ የተቁላላም ቢሆን፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ደሙ ያነሰ ድመት ልብ ደግሞ በዚያው በደከመ አቅሙ ይበልጥ መሮጥ ይኖርበታል። የጨውና የበርበሬውን ነገር መናገር አያስፈልገኝም። በወተት የራሰ እንጀራም፣ እኛ አገር ድመት የሚያድግበት ቢሆንም፣ ምግብ አይባልም። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ ሁኔታ በራሱ መሥራት አይችልም፤ ከሥጋና ከዓሣ ማግኘት አለበት፤ ጤፍ ውስጥ ደግሞ የለም። የታውሪን እጥረት የድመትን የልብ ግድግዳ አቅጥኖና ለጥጦ ልቡን እንደሚያደክም፣ ሲተካለትም ልቡ ሊያገግም እንደሚችል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ያ በሽታ ከቦቃ በሽታ የተለየ ነው፤ ቢሆንም በአንድ የታመመ ልብ ላይ ሁለተኛ ምክንያት መጨመር አያሻም። ከሉካንዳ የልብ ሥጋ፣ ሲገኝም ከሐይቅ የሚመጣ ዓሣ እሾኹን ለቅሜ ያለ ጨው እቀቅልለታለሁ። ታውሪኑ ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁን አልደፋም፣ አብሬ አቀርብለታለሁ።

አዲስ አበባ ብትወስጂው የማያውቀው ሐኪም ሊያየው ይችላልና ይህን ልብ በይ። በዚህ በወሎ የእንስሳት ሐኪሞቻችን ስማቸውን የሚያስጠሩት በከብትና በበግ ነው፤ የኮምቦልቻው ላቦራቶሪም የሚታወቀው በመንጋ በሽታ ምርመራ ነው፤ የድመት ልብ ይዞላቸው የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። እዚያ ያለው ሐኪም በትናንሽ እንስሳት የተካነ ቢሆን እንኳ አንቺ ቀድመሽ ተናገሪ። ድመቱ አልበላም ተብሎ ግሉኮስ በደም ሥሩ ቢንጠለጠልለት፣ ለጤነኛ ድመት የሚጠቅመው ያ ፈሳሽ የእሱን ሳንባ ሊያጥለቀልቀው ይችላል። ለቆዳ ማሳከክ የሚወጋው፣ ለሳምንታት የሚቆየው የስቴሮይድ መርፌም ልባቸው በታመመ ድመቶች ላይ የልብ ድካምን እንደሚቀሰቅስ ይታወቃል። ፓራሲታሞል ደግሞ ልቡ ጤነኛ የሆነውንም ድመት ይገድላል፤ ከቤትሽ መሳቢያ ምንም የሕመም ማስታገሻ አውጥተሽ እንዳትሰጪው።

አሁን ወደምንወስነው ነገር ልምጣ። በተለጠጠው የልብ ክፍል ውስጥ የረጋ ደም አንድ ቀን ሊላቀቅ ይችላል። ሲላቀቅ በአብዛኛው ትልቁ የደም ሥር ወደ ሁለቱ የኋላ እግሮች በሚከፈልበት መንታ ላይ ይሰካል። ከደቂቃ በፊት ሲጫወት የነበረ ድመት በድንገት ይጮኻል፣ የኋላ እግሮቹን ይጎትታል፤ ስትዳስሺያቸው ይቀዘቅዛሉ፣ ጡንቻው ይጠነክራል፣ የመዳፉ ሥር ይገረጣል ወይም ይጠቁራል። ሰዎች መኪና ገጨው፣ ወይም ከግንብ ወደቀ ብለው ያስባሉ። እግሩን አታሺው፣ የሞቀ ውኃም አታድርጊበት። ሕመሙ ከባድ ስለሆነ የመጀመሪያው ሕክምና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ነው፤ ለዚያም በፍጥነት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት መንገድ ነው። የተያዘው አንድ እግር ብቻ ከሆነና አካሉ ካልቀዘቀዘ የሚተርፉ አሉ፤ እግሩም በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ሊመለስ ይችላል። እንዲህ ከሆነ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ፣ አስታምመዋለሁ። ሁለቱም እግሮች ተይዘው፣ የሰውነቱ ሙቀት ወርዶ፣ ትንፋሹም ከከበደ ግን አብዛኞቹ አይተርፉም፤ የተረፉትንም ብዙ ጊዜ ያገረሽባቸዋል። በዚህኛው ሁኔታ ሐኪሙ በመርፌ እንዲያሳርፈው እፈልጋለሁ። አባትሽ የሚያምነውን ሼህ ጠይቆ መጥቷል፤ የሁለታችንም ልብ በዚህ ላይ ረግቷል። የቀረው የአንቺ ቃል ነው። ድመቱ ያንቺ ስለሆነ ያለ ፈቃድሽ አላደርገውም፤ ነገር ግን እሱ እየጮኸ አንቺም በስልክ እያለቀስሽ «ትንሽ እንጠብቅ፣ እስክመጣ» ብትዪኝ ያ መጠበቅ ለእሱ ሳይሆን ለእኛ ይሆናል። ስለዚህ አሁን፣ በደህናው ቀን፣ መልስሽን በጽሑፍ ላኪልኝ። አልስማማም ካልሽም ምክንያትሽን ጻፊልኝ፤ አነበዋለሁ።

ዕድሜውን በተመለከተ፣ አንድ ጊዜ ሳንባው ውኃ ቋጥሮ በመድኃኒት ከተመለሰ በኋላ አንዳንዱ ድመት ወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ይኖራል። ስለ ቦቃ ቁጥር ልንገርሽ ብል ውሸት ይሆናል። ዛሬ ይበላል፣ ፀሐይ ሲወጣ በረንዳው ላይ ይጋደማል፣ የቡናው ዕጣን ሲጨስ እኔ ሳልነግረው ወደ ውስጠኛው ክፍል ይሄዳል። እንዲሮጥ አላጫውተውም፣ የጎረቤቱንም ውሻ በሩን ዘግቼ አስቀርቻለሁ።

ስለ ጉዞው ያለኝን ሐሳብ ሳልሸሽግ ልንገርሽ፤ ባትወስጂው እመርጣለሁ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ገና ሲነሱ የሐረጎ ጠመዝማዛ አለ፤ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሙቀቱ ይቀበላችኋል፤ ቀሪው መንገድ ቀኑን ሙሉ በሰው በተሞላ መኪና ነው። ፍርሃትና ሙቀት የልቡን ምት ያፈጥኑታል፤ እንዲህ ያለ ልብ ደግሞ ምቱ በፈጠነ መጠን ደም የሚሞላበት ጊዜ ያጥርበታል። እዚያ ደርሶም ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ነው የሚውለው፤ ትንፋሹን ማን ይቆጥርለታል? ሐሳብሽ ከጸና ግን፣ ከመነሳታችሁ በፊት ባሉት ቀናት የሚቆጠረው ከ30 በታች ከሆነ ብቻ፣ በሰፊ ቅርጫት፣ በላዩ የእኔን ነጠላ ጣል አድርገሽ፣ በሌሊት የሚነሳ መኪና ያዢ። የጠዋት መድኃኒቱን ሳይወስድ እንዳይነሳ።

ስትመጪ ባዶ የጄላቲን እንክብል አምጪልኝ፣ እዚህ ያለው ሊያልቅ ነው። የአልትራሳውንዱን ውጤት ኮፒና የመጨረሻውን የደም ምርመራ ወረቀትም እንዳትረሺ፤ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉት ሐኪም ማየት እፈልጋለሁ ብለዋል። ከሁሉ በፊት ግን የጠየቅሁሽን መልስ በዚህ ሳምንት ጻፊልኝ።

እናትሽ