ታባርድን ከጎረቤቱ እወቂው

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ታባርድ የተባለውን ጥንታዊ የእንግዳ ማደሪያ ፍለጋ ለንደን ውስጥ ታልቦት ያርድ ድረስ ሄደሽ ከመታሰቢያ ሰሌዳ በቀር ምንም እንዳጣሽ ጽፈሻል። እውነትሽን ነው፤ የታባርድ ማደሪያ በ1870ዎቹ ፈርሷል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሰሌዳው ስለ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ስለ ቾሰርና እሱ በጻፈው ተረት ከዚህ ማደሪያ ተነሥተው ወደ ካንተርበሪ ስለሚሄዱት ተሳላሚዎች ይነግርሻል እንጂ ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር አያሳይሽም። እሱን ለማየት ወደ ለንደን ብሪጅ ጥቂት መለስ በይና ጆርጅ የሚባለው መጠጥ ቤት ዝለቂ፤ እሱም እንደ ታባርድ ማደሪያ የነበረ ጎረቤቱ ነው።

ከበሩ ጀምሪ። መግቢያው ጠባብ፣ ግቢው ግን ወደ ውስጥ ረጅም ነው። ለመቶዎች ዓመታት ለንደን የነበራት አንድ ድልድይ ብቻ ነበር፤ በሩም ማታ ይዘጋል። ከደቡብ አምሽቶ የደረሰ ነጋዴና ተሳላሚ ከድልድዩ ወዲህ ባለው ሰፈር፣ በሳውዝዋርክ፣ ማደሩ ግድ ነበር። ማደሪያው ሁሉ በዋናው መንገድ ዳር መሆን ስለሚሻ መሬቱ በቀጭኑ ተሸንሽኖ ወደ ኋላ ረዘመ፦ ፊት ለፊት ጋሪ የሚያሳልፍ በር፣ መሃል ግቢ፣ ከጀርባ የፈረስ ጋጣና የድርቆሽ ቦታ።

አሁን ቀና በይ። ፎቁ ላይ የተዘረጋው የእንጨት በረንዳ ጌጥ እንዳይመስልሽ። መተላለፊያው እሱ ነው፤ የመኝታ ክፍሎቹ በቀጥታ ወደ እሱ ስለሚከፈቱ ከውስጥ ኮሪደር አያስፈልግም፣ በጠባብ ቦታ ብዙ አልጋ ይገባል። ጣጣው ግን ሁለት ነው። ምሰሶውና ወለሉ በሚጋጠሙበት ዝናብ ይቋጥርና እንጨቱ ከዚያ ይበሰብሳል። እሳት ሲነሣ ደግሞ ማምለጫው ራሱ ማገዶ ይሆናል። በ1676 የሳውዝዋርክ ቃጠሎ ሁለቱንም ቤቶች በላቸው። እንደገና ሲሠሩም ያንኑ ቅርጽ ያዙ፤ መሬቱ ሌላ አይፈቅድማ።

ታባርድ ታልቦት የተባለውም ከዚያ ወዲህ ነው። ታባርድ አዋጅ ነጋሪ ከላይ የሚደርበው ልብስ፣ ታልቦት የአደን ውሻ! ቦታውን በ1307 የገዛው የዊንቸስተሩ የሃይድ ገዳም አበምኔት ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

እሳት ያልጨረሰውን ባቡር ጨረሰው። እነዚህ ቤቶች የሚኖሩት በአልጋ ኪራይና በፈረስ ቀለብ ነበር። በ1836 የባቡር ጣቢያ እዚያው ድልድዩ አጠገብ ሲከፈት ሁለቱም ገቢ አብሮ መድረቅ ጀመረ። የተረፈው ዋጋ የግቢው ስፋት ብቻ ሆነ። ጆርጅን ግሬት ኖርዘርን የተባለው የባቡር ኩባንያ ይዞ በ1889 የመሃሉንና የሰሜኑን ክንፍ ለመጋዘን ብሎ አፈረሰ። የቀረው የደቡቡ ክንፍ በ1937 ቅርስ ለሚጠብቀው ድርጅት ለናሽናል ትረስት ተሰጠ።

ስለዚህ ስትገቢ በስተቀኝሽ የምታዪው ቁራጩን ነው። ጀርባሽን ለእሱ ሰጥተሽ ቁሚና ሌላ በረንዳ ፊት ለፊት፣ ሦስተኛውን በጎን አድርገሽ በሐሳብሽ ሳዪው። በጠዋት ሂጂ፤ ሲመሽ ግቢው በጠረጴዛና በጠጪ ይሞላል።

አባትሽ