የላሟ ግራ የቱ ነው?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻና አካባቢዋ የምሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችንም ይዤ እዞራለሁ። ስለ ከብት በጋዜጣ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ወሬው የገበያ ዋጋ፣ መኖና ክትባት ነው። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቃላት ነው፣ የእንስሳ አካልና አቅጣጫው በሕክምና ስለሚጠሩባቸው ቃላት። ቃል ላም ያድናል ወይ የሚል ካለ አንድ ነገር ላጫውተው።

ክረምት ላይ ነው፤ መሽቷል። ስልኬ ጠራ። ሥራ ከጀመረ ጥቂት ወር የሆነው ልጅ ነው፣ ከከተማ ወጣ ያለ ቀበሌ ይሠራል። «ላም ተነፍታለች፣ መተንፈስ አቅቷታል፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። ለምለም ሣር በልታ የተነፋች ላም ጊዜ አትሰጥም። ጨጓራዋ በጋዝ ተወጥሮ ሳንባዋን ይጫነዋል። በአፏ ቱቦ አስገብቶ ማስተንፈስ ካልተቻለ የመጨረሻው አማራጭ ጨጓራዋን ትሮካር በሚባለው መሣሪያ ከውጭ መብሳት ነው፣ የሚበሳውም በግራ ጎኗ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ጎድጎድ ባለው ቦታ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ትልቁ ጨጓራ ሆዷን የሚሞላው በግራ በኩል ነው። «አብሽር፣ በግራ ነው» አልኩት። እሱ ግን ላሟን ፊት ለፊት ቆሞ ነበር የሚያያት። የራሱን ግራ ያዘ። የእሱ ግራ የላሟ ቀኝ ነው።

የላሟ ባለቤት አንዲት እናት ናቸው። ድምፃቸው በስልኩ ይሰማኛል። «ልጄ፣ እዚህ ምን ትፈልጋለህ? የተነፋችው እኮ በዚያኛው ነው!» ብለው ጎኗን በእጃቸው መታ መታ ሲያደርጉት እንደ ከበሮ ድም ድም ይላል። ልጁ ዞረ። ላሟም ተረፈች።

ልጁ ሰነፍ ነው እንዳትሉ። አናቶሚ፣ ማለትም የአካል አሠራር ትምህርት ላይ ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ ነው። የዚያን ጎድጓዳ ቦታ ስም «ሌፍት ፓራላምባር ፎሳ» ብሎ ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሱት ይነግራችኋል። ቃሉን ከቆመች ላም ጋር ያገናኘለት ሰው ግን አልነበረም። በእንስሳት ሕክምና ግራና ቀኝ ሁልጊዜ የእንስሳው ነው። ይህችን አጭር ነገር በአማርኛ፣ ከላም አጠገብ ቆሞ፣ እጁን ይዞ ያሳየው የለም።

እኔም የተማርኩት እንደዚያው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ቃል ተሰጠን። ክራኒያል፣ ኮዳል፣ ዶርሳል፣ ቬንትራል፣ ሚዲያል፣ ላተራል፣ ፕሮክሲማል፣ ዲስታል። «ክራኒያል ማለት ቱዋርድስ ዘ ሄድ»፣ ወደ ጭንቅላት፣ እያልን ሸመደድን። ፈተናውን አለፍን። ግማሾቻችን ከፈተናው ማግስት ረሳነው። የሚያሳዝነኝ ደግሞ ቃላቱ ከባድ አለመሆናቸው ነው። ሲፈቱ የእረኛ ቃል ናቸው። ኮዳ በላቲን ጅራት ነው፣ ስለዚህ ኮዳል ማለት ወደ ጅራት ነው። ዶርሰም ጀርባ፣ ቬንተር ሆድ። ሮስትረም የወፍ አፍ ነው፣ ሮስትራል የሚባለውም ወደ አፍንጫና አፍ ነው። ጭንቅላት ላይ እያለህ «ወደ ጭንቅላት» ቢሉህ ትርጉም ስለማይሰጥ ነው እዚያ ላይ ሌላ ቃል ያስፈለገው። ፓልማር የፊት እግር ታችኛው ክፍል የኋላ ገጽ ነው፣ ከመዳፍ የመጣ። ፕላንታር በኋላው እግር ላይ ያው የኋላ ገጽ ነው፣ ከውስጥ እግር የመጣ። ላሟን ሻኛዋ ላይ ዳስሶ «ይሄ ዶርሳል ነው»፣ ፍሪምባዋን ዳስሶ «ይሄ ቬንትራል ነው» የሚል አስተማሪ ቢኖረን አንድ ጠዋት ይበቃን ነበር።

ተማሪ በጣም የሚቸገርበት ሌላ ነገር አለ። እነዚህ ቃላት የቦታ ስም ሳይሆኑ ማወዳደሪያ ናቸው። ፕሮክሲማል ማለት እግሩ ከገላ ወደሚነሳበት የቀረበ፣ ዲስታል ከዚያ የራቀ ማለት ነው። «ጉልበቱ ፕሮክሲማል ነው ወይስ ዲስታል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄው ራሱ ጎዶሎ ነው። ከምን አንጻር? እኔ ተማሪዎቼን በሐረጎ መንገድ ነው የማስረዳቸው። ከኮምቦልቻ ለተነሳ ሰው ሐረጎ ወደ ደሴ ነው። ከደሴ ለተነሳ ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ነው። ሐረጎ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ጉልበትም እንዲሁ ነው፣ ከወርች ሲታይ ዲስታል፣ ከሰኮና ሲታይ ፕሮክሲማል። ይህንን ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ የነገርኳት አንዲት ልጅ ኮምቦልቻ ሳንደርስ ገባት።

ጉልበትን ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ስህተት የማየው እሱ ላይ ነው። ከገራዶ በኩል በሬ ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌ «ጉልበቱ አብጦብኛል» አሉ። አብሮኝ የነበረው ተማሪ በቀጥታ ወደ ኋላ እግር ሄደ። ታፋውን እየዳበሰ ቆየ፣ በሬው እየተወራጨ። ሽማግሌው ግራ ገባቸው፣ እብጠቱ እኮ ፊት ለፊት ይታያል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከብት አርቢ የበሬ ጉልበት የሚለው የፊት እግሩን ነው፣ ሲተኛ የሚንበረከክበትን። በአናቶሚ ያ መገጣጠሚያ የሰው እጅ አንጓ አቻ ነው፣ ካርፐስ ይባላል። የሰው ጉልበት አቻ የሆነው ደግሞ የኋላ እግር ላይ፣ ከታፋው ሥር ወደ ሆድ የተጠጋው ነው። የኋላ እግር ላይ ወደ ኋላ ሾጠጥ ብሎ የወጣው ተረከዙ ነው፣ ከብት ተረከዙን መሬት አያስነካም። ተማሪው ከመጽሐፉ አንጻር ልክ ነበር። ሽማግሌውም ልክ ነበሩ። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው የጠፋው።

ግራ መጋባቱን የሚያብሰው ደግሞ ስልክ ነው። ልጆቹ ማታ ማታ የሚያጠኑት ስለ ሰው አካል በተሠራ ቪዲዮ ነው። ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንቴሪየር ሲባል በሰው ላይ ወደ ሆድና ደረት ነው። በአራት እግር የቆመ እንስሳ ላይ ግን የፊቱ ጭንቅላቱ ነው፣ ሆዱ ወደ መሬት ነው። ስለዚህ በእንስሳት ገላና እግር ላይ ይህንን ቃል ትተው ክራኒያልና ኮዳል፣ ዶርሳልና ቬንትራል ይላሉ። ዓለም አቀፉ የእንስሳት አናቶሚ ስያሜ ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው፣ የታተመውም የየአገሩ ሐኪም አንዱን የአካል ክፍል በአንድ ስም እንዲጠራው ነው። እኔም ላቲኑ ይቅር አላልኩም። የመድኃኒት ወረቀቱም፣ የምርምር ጽሑፉም በእሱ ነው። የምለው አማርኛው አጠገቡ ይቀመጥ ነው።

አማርኛው የሚያስፈልገው ለገበሬው ብቻ አይምሰላችሁ። ለባለሙያውም ነው። ኢሊየም የሚባል የዳሌ አጥንት አለ። ኢሊየም የሚባል የቀጭን አንጀት መጨረሻም አለ። በላቲን ፊደል የሚለያቸው አንድ ፊደል ነው፤ በእኛ ፊደል ሲጻፉ ጭራሽ አንድ ናቸው። ካርድ ላይ «ኢሊየም አካባቢ ቁስል» ብሎ የጻፈልህን ሰው ምን ትለዋለህ? «ዳሌ አጥንቱ ላይ» ብሎ ቢጨምርበት ግን አለቀ። ሃይፖና ሃይፐርም በስልክ ሲነገሩ ይምታታሉ፣ ሃይፖ ማነስ፣ ሃይፐር መብዛት ነው፣ በወለደች ላም ደም ውስጥ ካልሲየም አነሰ ወይስ በዛ የሚለው ደግሞ ሕክምናውን ሙሉ በሙሉ ይለውጠዋል።

ቃላቱን ቆራርጦ ማስተማርም ብዙ ይረዳል። መጨረሻው ላይ አይቲስ ካለ ብግነት ነው። ሄፓታይቲስን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ጉበት ነው። ማስታይቲስ የጡት፣ ኔፍራይቲስ የኩላሊት ነው። ኦቶሚ መክፈት፣ ኤክቶሚ ቆርጦ ማውጣት ነው። ከተማ ውስጥ ፌስታል ስትለቅም የዋለች ላም ሩሜኖቶሚ ይሠራላታል፣ ጨጓራዋ ተከፍቶ ፌስታሉ ይወጣላታል ማለት ነው። በኦቶሚ ፋንታ ኤክቶሚ ብትል ጨጓራውን ራሱን አወጣኸው። እንዲህ ስነግራቸው ተማሪዎቹ ዓይናቸው ይበራል። ሃምሳ ቃል ከመሸምደድ አሥር ቁራጭ መያዝ ይሻላል።

እኛ ጋ ደግሞ ቃል ጠፍቶ አያውቅም። ቅርጫ ላይ የተገኘ ሰው ያውቃል። ለአረፋም ይሁን ለፋሲካ በሬ ሲጣል መደብ የሚያወጡት አባቶች ሻኛውን፣ ፍሪምባውን፣ ወርቹን፣ ጎድኑን፣ ቅልጥሙን፣ ጣፊያውን፣ ሽንፍላውን እየጠሩ ሲያከፋፍሉ የትኛው ከየት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ቢላቸው ያውቀዋል። እኔ የከብት ሆድ ውስጥ ያለውን አቀማመጥ በደንብ የገባኝ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ከአጎቴ ጋር ቅርጫ ላይ ቆሜ ነው። ይህ እውቀት መማሪያ ክፍል ውስጥ ለምን አይገባም?

በበሽታ ስም ላይ እኮ ተሳክቶልናል። አባ ሠንጋ፣ አባ ጎርባ ስንል ገበሬውም ባለሙያውም አንድ ነገር ያስባል። አፍተግር ማለት ደግሞ የበሽታውን ሁለት ቦታ በስሙ ውስጥ ይዞታል፣ አፍና እግር። ደስታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ ከዓለም መጥፋቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲታወጅ፣ ከዚያ ውጤት ጀርባ በአፋር ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው፣ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተሸክመው ከብቱን የከተቡ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ላቲን አልተማሩም። ከብታቸውን ያውቁ ነበር፣ በገዛ ቋንቋቸው።

ለዚህ ሥራ ከእኛ አካባቢ የተሻለ ቦታ የለም። ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። ኮምቦልቻ ላይ የግብርና ኮሌጅ አለ፣ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪም አለ። ባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ ግመሉም ከብቱም ይመጣል፣ ከብቱን የሚያውቀው ሰውም አብሮ ይመጣል። አንዱ ከሌላው የሚርቀው በመኪና ጥቂት ሰዓት ቢሆን ነው። ሰኞ ተማሪዎችን ባቲ ወስዶ፣ አንድ አዛውንት አርቢ አጠገብ አቁሞ «አባቴ፣ ይሄን ምን ይሉታል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም።

እናንተን የምለምነው ይህንን ነው። ከጋዜጣው ላይ በየሳምንቱ የአንድ መዳፍ ያህል ቦታ ስጡን። አንድ የላም ሥዕል፣ አምስት ቃል፣ ላቲኑ በፊደላችን ተጽፎ፣ አማርኛው አጠገቡ። ሌላ ምንም አይፈልግም። ጤና ኬላ ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው ባለሙያ አይጠፋም። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሳምንታት ቃላት እኔ አዘጋጅቼ እልካለሁ፣ ሥዕሉንም አንድ ተማሪዬ እንደሚሠራ ቃል ገብቶልኛል። የሚያርሙኝ መምህራን ካሉ ደስ ይለኛል።

አንባቢዎችም ከዛሬ ጀምሮ ልታግዙን ትችላላችሁ። በግራ ጎኗ ከመጨረሻው ጎድን ኋላ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ እናንተ ሰፈር ምን ትሉታላችሁ? ከሰኮናዋ በላይ፣ ወደ ኋላ የምትንጠለጠለዋን ትንሽ ጥፍርስ? አባቶቻችሁንና እናቶቻችሁን ጠይቁና በጋዜጣው አድራሻ ጻፉልን፣ የየት አካባቢ ቃል እንደሆነም አብራችሁ ግለጹ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ