ሐሙስ ሳይደርስ አንዴ ስማልኝ

ጆሮው፣

እንዴት ነህ? ይቺን «እንዴት ነህ» ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ «ውድ ወንድሜ» ብዬ ጀመርኩ፣ የሰርግ መጥሪያ መሰለኝና አጠፋሁት። ከዛ «ይቅርታ ጠፋሁ» አልኩ። ሦስት ዓመት ድምፁን ላጠፋ ሰው እሱም አነሰ። በቃ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ቁጥርህ ስልኬ ላይ ነበር፣ ሥራ በዛብኝ ብዬ አልዋሽህም። ስንደዋወል እስኪወጣልህ ስደበኝ። አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳይ ባይኖረኝ ዛሬም እንደማልጽፍልህ አንተም ታውቃለህ።

ፌራሪ ገዛሁ።

ሳቅህ እዚህ ድረስ ተሰማኝ። ቆይ እንጂ፣ ሙሉውን አይደለም። ሩቡን። አራት ሆነን ነው የገዛናት፤ ሁለት ፓኪስታናዊ ወንድማማቾች፣ አንድ ሶሪያዊ፣ እና እኔ። ሲካፈል ለኔ የሚደርሰኝ አንድ ጎማ ከነቸርኬው ነው። የኋላ ቀኙ የኔ ነው ብያቸዋለሁ፣ እሱን በተለየ ፍቅር ነው የማጥበው።

አሁንም ዱባይ፣ አል ቁዝ ነኝ። ከማጠብ ወደ ሽያጭ ከተዛወርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ማለት አሁን ከረባት አስሬ ነው የማጥበው። ሌላ አዲስ ነገር የለም። ፀጉሬ ሸሽቷል።

መኪናዋ ኤፍ 430 ናት፣ የ2007፣ ቀይ። የመጣችው ከጃፓን ነው፣ እንደ ቪትዝ። ሞተሯ 4.3 ሊትር ቪ8፣ ተርቦ የለውም፣ 490 የፈረስ ጉልበት። ሒሳቡን ሠርቼልሃለሁ፤ የድሮዋ ባለ 1.0 ቪትዝ 70 ናት፣ ስለዚህ ሰባት ቪትዝ በአንድ ኮፈን ማለት ነው። ያውም ከኋላ። 340 ሺ ድርሃም ከፈልን። የኔ ድርሻ 85 ሺ። ያለኝ ሁሉ እሱ ነበር።

ምን ነካህ እንደምትለኝ አውቃለሁ። እኔን የሸወደኝ አዲስ አበባ ነው፣ ሙት። እኔና አንተ ያደግነው መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋው በሚጨምርበት ከተማ ነው። ዲኤክስ ኮሮላን አስታውስ። ሰውዬው አምስት ዓመት ነድቷት፣ አጋጭቷት፣ በስቱኮ አስሞልቶ አስቀብቷት፣ ከገዛበት በላይ ይሸጣታል። በኛ አቆጣጠር በ2012 በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ መጣ፣ ቀድመው የገቡት ተወደዱ። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፣ ያሉት እንደገና ተወደዱ። መኪና ለኛ ሰው እኮ መሬት ማለት ነው። እዚህ ግን እንደ ቲማቲም ነው። ያላነሳኸው ይበሰብሳል።

ለነገሩ ዓይኔን ጨፍኜ አልገባሁም። በፈረንጆቹ 2021 እና 2022 እዚህ የነበረውን ግርግር ብታይ! ያገኘውን የገዛ ሁሉ አትርፎ ሸጠ። ከዛ አሜሪካ ወለድ ጨመረች፣ ድርሃም ደግሞ ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ የዚህም ብድር አብሮ ተወደደ። ፋብሪካዎቹም ወደ ሃይብሪድ ዞሩ። እኛ ጋ የቆመች አንዲት ኤስኤፍ 90 ፌራሪ አለች። ባለ 1000 የፈረስ ጉልበት፣ ከቪ8ቷ ሌላ ሦስት የኤሌክትሪክ ሞተር አላት፣ አውሬ ናት። ገዢ ግን ባትሪዋን ይፈራል። ዋስትናው ሲያልቅ ማን ነው የሚነካት? ባለቤቷ በወር አንዴ ይመጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ እኛ የዋጋውን ወረቀት እንቀይራለን። ባለፈው ሲመጣ ቡናውንም አልጠጣም።

ስለዚህ ሰው ወደ ኋላ ማየት ጀመረ። ተርቦ የሌለው፣ ባትሪ የሌለው፣ የሚጮህ ሞተር ፍለጋ። ፌራሪ በፈረንጆቹ 2015 ከ458 ሞዴል ወደ 488 ሲሄድ ተርቦ ገጠመ። ላምቦርጊኒ የሁራካንን ቪ10 ትቶ በ2024 ባለ ቪ8 ተርቦ ሃይብሪዷን ቴሜራሪዮን አመጣ። ደላላው ሁሉ አሁን አንድ ቃል ይዟል፦ «የመጨረሻዋ»። የመጨረሻዋ ተርቦ አልባ፣ የመጨረሻዋ ቪ10፣ የመጨረሻዋ ምናምን። እኛ አገር «የዶክተር መኪና ናት፣ ቤተክርስቲያን ብቻ ነው የሄደችው» እንደሚሉት። እኔም እላለሁ። እንጀራዬ ነው።

እዚህ ጋ ነው የተሳሳትኩት። ገበያው ወደ ኋላ ዞረ ማለት ወደ ሁሉም አሮጌ መኪና ዞረ ማለት አይደለም። ሰው አብዶ የሚፈልገው ማንዋሏን ነው። ያቺው ኤፍ 430፣ ያው ሞተር፣ ያው ቀለም፣ ግን መሃል ላይ ያቺ የብረት ሰሌዳ ያላት፣ ማርሽ ስትቀይር ቀጭ ቀጭ የምትለው። እሷ ከሆነች ዋጋዋ እጥፍ ነው፣ አንዳንዴም ከእጥፍ በላይ። አዲስ እያሉ ግን አብዛኛው ሰው ያዘዘው ከመሪው ጀርባ በጣት የሚቀየረውን፣ «ኤፍ ዋን» የሚሉትን ነው። ማንዋሏ የተወደደችው ያኔ ስለተናቀች ነው። አዲስ አበባ ኦቶማቲክ የያዘ ነው ሰው። እዚህ ሚሊየነሩ ፍሪሲዮን ለመርገጥ ሌላ 300 ሺ ይጨምራል። አንድ ቀን በሥራ መውጫ ሰዓት ጎተራ ማሳለጫ ላይ ባስነዳው ይድን ነበር።

የኛዋ ማንዋል አይደለችም።

ፔዳል የላትም እንጂ ፍሪሲዮን ግን አላት፣ የሚረግጥልህ ኮምፒውተሩ ነው። ስንት በመቶ እንደተበላ ማሽን ሰክተህ ታነባለህ። የኛዋ 61 በመቶ ትላለች። ገዢ ሲመጣ የሚጠይቀው ይሄን ቁጥር ነው፣ እንደ ደም ግፊት። ቀጥሎ «ጂሲሲ ናት?» ይላል፣ ማለት ለዚህ አገር ሙቀት ተብላ በወኪሉ በኩል የገባች ናት ወይ ነው። ጃፓን ስትለው ፊቱ ይቀየራል።

በሙቀቱ ደግሞ የውስጥ ፕላስቲኳ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ይያያዝ ነበር። የዚያ ዘመን ፌራሪ ሁሉ በሽታ ነው። የመስኮቷን፣ የኤሲዋን፣ የክሩስኮቷን ቁልፎች አንድ በአንድ አውጥቼ በአልኮልና በጥጥ ሦስት ሌሊት ጠረግኩ። እጄ ጥቁር ሆኖ ሰነበተ። ደስ ብሎኝ ነው የሠራሁት። እውነቱን ልንገርህ አይደል? ሶማሌ ተራን ለቅቄ ከወጣሁ እንደዛ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም።

ኧረ ሳልነግርህ! አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ መካኒክ ይመጣል እኛ ጋ። በእንግሊዝኛ ይናገርና እልህ ሲይዘው ወደ ቋንቋው ይገባል። አንድ ቀን ኮፈኑ ውስጥ ገብቶ «ካንዴላ!» ብሎ ጮኸ። ካንዴላውን አቀበልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «ማርሚታ» አለ፣ ጠቆምኩት። «ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ክሩስኮት» እያልኩ ቆጠርኩለት። ሰውዬው ጣሊያንኛ የት ተማርክ አለኝ። አማርኛ ነው አልኩት። ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረው።

ይኸው እያወራሁ ከጉዳዬ ሸሸሁ።

በመጋቢት 355 ሺ የሚሰጥ መጥቶ ነበር። ሶሪያዊው እንሽጥ አለ። እንቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። «ትጨምራለች» አልኳቸው፣ የዲኤክስን ነገር አስቤ። ሰኔ ሲገባ ሀብታሙ ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ አውሮፓ ሄደ፣ ገበያው ጭር አለ፣ ደዋይም ጠፋ። አሁን አንድ የኦማን ልጅ 325 ብሎ 10 ሺ ቀብድ አስይዟል። ሐሙስ ከአባቱ ጋር ይመጣል።

እና መኪናዋ ድምፅ አላት።

ጠዋት፣ ገና ስትነሳ፣ ከቀኝ በኩል ጢቅ ጢቅ ጢቅ። አምስት ደቂቃ ያህል ከሠራች በኋላ ይጠፋል። አሁን ገብቶሃል፣ ፊትህ ይታየኛል። ማኒፎልዱ ነው ብዬ ነው። ኤፍ 430 በዚህ ትታወቃለች፣ የጭስ ማውጫዋ ማኒፎልድ ይሰነጠቃል፣ ብረቱ ሲግል ያብጥና ስንጥቁ ይገጥማል፣ ድምፁም ይጠፋል። ዝም ከተባለ ውስጡ ያለው ማጣሪያ እየተፈረፈረ ወደ ሞተሩ ተመልሶ ሊሳብ ይችላል፣ ያኔ ሞተሩ አለቀለት። አንድ ጋራዥ በሁለቱም በኩል ለመቀየር 22 ሺ ጠየቀን።

ሸሪኮቼ ያሉትን ልንገርህ? «ሐሙስ ልጁ ከመድረሱ በፊት አሙቃት።»

በቃ ይሄው ነው። ማንም ዋሽ አላለኝም። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ገብቼ ማስነሳት ብቻ ነው። እምቢ ብል፣ አሠርተን እንሽጥ ብል፣ 22 ሺ ለአራት ሲካፈል የኔ ጨዋነት 5,500 ድርሃም ነው። የነሱንም ጨዋነት ግን እኔ ነኝ የማስከፍላቸው። መኪናዋም በሶሪያዊው ንግድ ፈቃድ ነው ያለችው፣ የኔ ስም ሙልኪያው፣ ማለት ሊብሬው ላይ የለም፣ ያለኝ ነገር የዋትሳፕ መልእክት ነው። ቢያኮርፈኝ ጎማዬን ፈትቼ አልሄድ።

የዶልፊኑን ሰውዬ አልረሳሁትም። የሞተሩ ድምፅ እንዲጠፋ ወፍራሙን ዘይት የገዛሁት እኔ ነበርኩ። ሰውዬው አንተን «ጆሮው፣ ምን ትላለህ?» ሲልህ ዝም አልክ፣ ለኔ ብለህ። ልጁን ይዞ የተመለሰ ቀን ደግሞ እኔ ምሳ ሄጄ ነበር። ምሳ አልሄድኩም፣ ከኮንቴይነሩ ጀርባ ነበርኩ። ታውቅ እንደነበር አውቃለሁ። ከዛ በኋላ «ሰማህ እንዴ ይሄን ሞተር?» ብለህ ጠርተኸኝ አታውቅም።

ሌላም አለ። የእማማን ለቅሶ... እኔ እንጃ። የሰማሁት በሳምንቱ ነው። ያን ቀን መደወል ነበረብኝ፣ አልደወልኩም፣ በማግስቱ ሲሆን ዘገየሁ ብዬ አፈርኩ፣ በወሩ የባሰ አፈርኩ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሆነ። በሳቸው ቤት ስንት ቀን ምሳ በልቻለሁ። ለኔ የሚያስቀምጡልኝን ሳህን፣ ያቺን ጠርዟ የተሸረፈችውን፣ አሁንም አስታውሳታለሁ። ነፍሳቸውን ይማር። አንተንም እግዜር ያጽናህ፣ ይሄ በጽሑፍ የሚባል እንዳልሆነም አውቃለሁ። ሰርግህንም በፎቶ ነው ያየሁት። ሱፉ ሰፍቶሃል።

60 ሺህ ብርም አለ። በኛ በ2011 ለቪዛና ለትኬት ያበደርከኝ። ያኔ ከ2 ሺ ዶላር በላይ ነበር። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያንኑ 60 ሺ ብልክልህ 500 ዶላር እንኳን አይሞላም፣ በአንተ ላይ መቀለድ ነው። በድርሃም ነው የማስበው፣ ወደ 7,800 ይመጣል። መኪናዋ ስትሸጥ ከሁሉ በፊት የምከፍለው እሱን ነው። ይሄን የምልህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ትንሽ ነው እሺ።

እዚህ በሚያዝያ 2023 «ፒ 7» የምትባል የመኪና ሰሌዳ በ55 ሚሊዮን ድርሃም ተሸጣለች፣ ለበጎ አድራጎት ጨረታ። ሰሌዳዋ ብቻ! እኔ እዚህ ስለ 5,500 ሌሊቱን እገላበጣለሁ።

የምፈልገው ይሄን ነው። ከዚህ ጋር የ40 ሰከንድ ድምፅ ልኬልሃለሁ። የቀዳሁት ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ሞተሯ ሌሊቱን ቆማ አድራ፣ ቀዝቃዛ ስልህ እንግዲህ የዚህ አገር ቀዝቃዛ 35 ዲግሪ ነው። በስልኩ ስፒከር አትስማው፣ የሚስትህን ኢርፎን ተዋስ፣ ማታ ሰፈሩ ጸጥ ሲል። ፌራሪ ነክቼ አላውቅም እንዳትለኝ፣ ጢቅታ ጢቅታ ነው። ማኒፎልድ ነው በለኝ፣ ወይም አንድ የላላ ብሎን ነው በለኝ፣ ብሎን ብትለኝ ደስ ይለኛል፣ ግን እንዲሁ ደስ እንዲለኝ ብለህ አትበለኝ።

ልጁ የሚመጣው ሐሙስ በናንተ 9 ሰዓት ላይ ነው። እኔ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉን ይዤ እቆማለሁ። ከዛ በፊት ደውል።

12ኛው ሰከንድ ላይ የሚያስለው ዘበኛው ነው፣ እሱን እለፈው።