ቢጫው በብልጭልጭ አይሸፈንም

ደብረ ብርሃን፣ ጥር 25

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤ ሸዋ ሮቢት

እንዴት ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ውርጩ ብቻ ነው ያስቸገረን። እህትህ ከአንተ ዘንድ ስትመለስ የሠራሃቸውን ሁለት የፕላስቲክ ትሎች በወረቀት ጠቅልላ አመጣችልኝ። እሷ እንኳ «እማዬ፣ የዓሣ ማጥመጃ ራሱ እየሠራ ነው» ብላ በኩራት ነው የሰጠችኝ። ወደ ብርሃን አንስቼ ሳየው ግን ቢጫ ነው። ቀዩ ብልጭልጭ ቀለሙን ለቆ ዙሪያውን ሮዝ አድርጎታል፤ ከሥሩ ያለው ቢጫ ግን አልተደበቀም። ከዚያ እህትህን ጠየቅኳት፤ ክፍልህ ውስጥ፣ በከሰል ምድጃ፣ ሽታው አከራይህ ዘንድ እንዳይደርስ መስኮቱን ዘግተህ እንደምታቀልጥ ነገረችኝ።

ልጄ፣ በተዘጋ ቤት አታቅልጥ።

የጫማ ፋብሪካው ማቀላቀያ ክፍል ውስጥ ስንት ዘመን እንደዋልኩ ታውቃለህ፤ ስለዚህ ይሄን ነገር ለእኔ አታስረዳኝም። ያ ትሉን የምታቀልጥበት ፕላስቲሶል ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ዱቄት በማለስለሻ ዘይት ውስጥ ተበትኖ የሚገኝበት ነጭ ፈሳሽ ነው። ሲሞቅ መጀመሪያ እንደ ገንፎ ይጓጉላል፤ ብዙ ሰው የተበላሸበት መስሎት እሳት የሚጨምረው እዚህ ላይ ነው። ዝም ብለህ አማስለው። ከ170 እስከ 177 ዲግሪ ሲደርስ ጥርት ብሎ ይፈስሳል፤ በቃ፣ በስሏል። 190ን ካለፈ ቢጫ መሆን ይጀምራል፣ ቀጥሎ ይጨሳል። ጭሱ ውስጥ ሃይድሮጂን ክሎራይድ አለ፤ ሳንባ ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ነው የሚሆነው። የከሰሉ መርዝ ሲጨመርበት ደግሞ አስበው፣ እኔን አፈር ያርገኝ! ቢጫ ትል ያየሁ ቀን ጭስ እንደተነፈስክ አወቅሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ብልጭልጭ ብትጨምር ባትጨምር የተቃጠለው ተቃጥሏል። መልሰህ ብታቀልጠውም ይብስበታል፤ ፕላስቲኩ ይበልጥ ይጠቁራል፣ ብልጭልጩም በየሙቀቱ ቀለሙን ይለቃል። ጣለው።

ያ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የገዛኸው ብልጭልጭ ለፖስትካርድ እንጂ ለዚህ አልተሠራም። ቀለሙ ማለስለሻውንም ሙቀቱንም አይችልም፤ አንዳንዱ ራሱ ከፒቪሲ ስለሚሠራ ትኩሱ ውስጥ ሲገባ ይጠቀለላል። ከፖሊስተር የተሠራ፣ ሙቀትና ማለስለሻ ይችላል ተብሎ የሚሸጥ ፈልግ። አምነህ ሙሉ ዕቃ ውስጥ ከመጨመርህ በፊት ሞክረው፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፕላስቲሶል አቅልጠህ ቁንጥር ጣልበት፣ ነጭ ነገር ላይ አፍስሰህ አሳድረው። በማግስቱ ዙሪያው ቀለም ካጠላ አይሆንም። ብርማው ብዙ ጊዜ የማያሳፍረው የሚለቀው ቀለም ስለሌለው ነው፤ ያው አሉሚኒየሙ ነው የሚያበራው።

ብልጭልጩን የምትጨምረው ከሁሉ መጨረሻ፣ ፕላስቲኩ ጠርቶ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ለ120 ሚሊ ሊትር ከሩብ የሻይ ማንኪያ ጀምር፤ ቅንጣቱ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነውን ማለቴ ነው። የ1 ሚሊ ሜትሩ ከሆነ ከዚያም ያነሰ፤ ቀጭን ጅራት ውስጥ ትልልቁ ይሰነቀራል፣ ጅራቱም ከዚያው ላይ ይበጠሳል። አንተ የላክኸው ሆዱ ሁሉ ብልጭልጭ፣ ጀርባው ባዶ ነው። በጣም ትኩስ እያለ ስላፈሰስከው ዘቀጠ። 160 ገደማ እስኪወርድ ጠብቅ፤ ቅርጽ ማውጫውን አንድ በአንድ ስትሞላ ከእያንዳንዱ በፊት ከሥር አንስተህ ቀስ ብለህ አማስል። ከቸኮልክ አየር ይገባበታል።

ያ አንገቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን ከማማሰል አይመስለኝም፣ ከጀሶው ቅርጽ ማውጫ ነው። ያልደረቀ ጀሶ ላይ ትኩስ ፕላስቲክ ሲያርፍ እርጥበቱ ተንኖ ይፈነዳል፤ ፊትህ ላይ ሊረጭም ይችላል። ፀሐይ ላይ ለቀናት አድርቀው፣ በውሃ የቀጠነ ኮላ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀባው፣ እንደገና አድርቀው። መነጽር አድርግ። እጅጌህን አትሰብስብ።

አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጀማ ወንዝ ወርዶ በመሬት ትል ብቻ አምባዛ ያወጣ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ይዞህ ሳይወርድ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አብረኸው ወርደህ ቢሆን አምባዛ በሌሊት በሪዙ እየዳበሰና እያሸተተ እንደሚበላ ታይ ነበር፤ ለጨለማ ብልጭልጭ ምን ይሠራል? ብልጭልጭ ብርሃን ይፈልጋል። ለነጭ ዓሣ፣ በቀን፣ አሁን በበጋው ወንዙ በጠራበት ጊዜ ደቃቁ ብርማ ይበቃል፤ ያውም ጥቂት። ክረምት ሲገባ ውሃው አፈር ስለሚሆን ጥቁር ወይም መዳብማ ያዝ፤ ብርማው አይታይም።

ቴርሞሜትርህን አታምነው። ውሃ አፍላና ንከርበት፤ እናንተ ዘንድ 96 ገደማ፣ እዚህ እኛ ዘንድ 91 ገደማ ማሳየት አለበት። 100 ካለህ ውሸታም ነው፤ ከዚያ አሳንሶ ካሳየህ ደግሞ በእሱ ተማምነህ ነው ያቃጠልከው ይሆናል።

ከሰሉን ተው። ከሰል 175 ላይ ቁም ብትለው አይቆምም። ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃ ግቢው ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ ነፋሱ ከኋላህ ሆኖ ተጠቀም። የኮሮና ጊዜው የጨርቅ ማስክ ይህን ጋዝ አያስቀርም፤ የአሲድ ጋዝና የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ካርትሪጅ ያለው ነው የሚሆነው። ያቀለጥክበትን ድስት ወጥ አትሥራበት፤ ታጥቦም ቢሆን። ዝናብ ከመጣ ዕቃህን ሰብስበህ ሥራውን አቁም እንጂ ወደ ክፍልህ ይዘኸው አትግባ። በተዘጋ ቤት አታቅልጥ አልኩህ።

የፈሰሰውን ብልጭልጭ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ወደ ሮቢ ወንዝ አትጠበው። ትሎቹን በየቀለማቸው ለያይተህ አስቀምጥ፤ አንዱ ከአንዱ ቀለም ይጋባል። ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥም አትክተታቸው፣ ማለስለሻው አንዳንዱን ሣጥን ያቀልጠዋል።

እህትህ ከሳህ አለችኝ። ምሳ እየበላህ ነው? በሶ ልኬልሃለሁ፣ ከመናኸሪያ ተቀበል። ማስኩን የምትገዛበትን ብርም ከበሶው ጋር በፖስታ አድርጌዋለሁ፤ ለብልጭልጭ እንዳታውለው። ቅዳሜ ስደውል ምድጃው ደጅ ወጥቶ በቪዲዮ አሳየኝ።

እናትህ