የቅሬታ ደብዳቤ፦ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ስለደረሰው የአደይ አበባ የፎቶግራፍ ጉዞ

ቀን፦ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጉዞና የመኪና ኪራይ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የከፈልነው ገንዘብ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

እኔና አምስት ጓደኞቼ ፎቶግራፍ የምናነሳ የድሬዳዋና የሐረር ነዋሪዎች ስንሆን፣ እሑድ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ከከዚራ ወደ ቁልቢ አቅጣጫ የሚወስደን ሚኒባስ ከነሹፌሩ ለመከራየት ከድርጅትዎ ጋር ውል ፈርመን 9,000 ብር አስቀድመን ከፍለናል። በውሉ ላይ መነሻው ከሌሊቱ 10 ሰዓት መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። መኪናው የመጣው ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ40 ላይ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ በውሉ ላይ ወደሰፈረው ስልክ ደጋግመን ብንደውልም የሚያነሳው አልነበረም።

በማግስቱ ቢሮአችሁ ቀርቤ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ቦታው ድረስ ወስደን መልሰናችኋል፤ አበባውም እዚያው ነበረ» የሚል ነው። ከመዘግየቱም ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ መልስ ነው። እኛ የተዋዋልነው ለቦታው ብቻ ሳይሆን ለሰዓቱ ጭምር ነው። በዚህ ወቅት በአካባቢያችን ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያች ሰዓት ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን ስለሚመጣ የአደይን ቅጠል አልፎ ቢጫውን ከውስጥ ያበራዋል፤ ጤዛው አልረገፈም፣ ነፋሱም ገና ስላልተነሳ አበባውን ተጠግቶ ማንሳት ይቻላል። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ቢጫው ይነጣል፣ ግንዱም መወዛወዙን አያቆምም። ከመካከላችን ቆላ ድሬዳዋ የምንኖረው ይህን አበባ በብዛት ለማየት የደንገጎን ዳገት መውጣት ግድ ስለሚሆንብን፣ መኪናው በሰዓቱ መድረሱ የጉዞው ዋና ነገር ነበር።

ቀኑም በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም። ከመስቀል በዓል ማግሥት፣ መስከረም 18 ቀን፣ በራሴ ወጪ ሄጄ ማሳውን አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ከአበባው ግማሽ ያህሉ ገና እንቡጥ ስለነበረ በሳምንቱ ይፈካል ብዬ ገመትኩ፣ እንዳልኩትም ሆነ። የማሳው ባለቤት በድንበሩ ሊያስገቡን ፈቅደው በንጋት ሊጠብቁን ቃል ገብተው ነበር። እኒህ አባት ጫታቸውን ለቅመው ለአወዳይ ገበያ ማድረስ እያለባቸው እስከ 1 ሰዓት ከጠበቁን በኋላ ተስፋ ቆርጠው ሄደዋል። ያለ ባለቤቱ ማሳ መርገጥ ነውር ስለሆነ ከአስፋልቱ ዳር ቆመን አነሳን። ከመካከላችን አንዷ ተማሪ ለዚህ ቀን ብላ ሌንስ ተውሳ መጥታ ነበር። ከአርባ በላይ ፎቶ አንስታ ካሜራዋን ስታሳየኝ አበባው በሁሉም ላይ ጫፉ ደብዝዞ፣ መሐሉ ነጭ ሆኖ ታየኝ። ሌንሱን በዚያው ቀን መመለስ ነበረባት።

ድርጅትዎ በማካካሻነት ያቀረበልን ኅዳር 14 ቀን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሊወስደን ነው፤ ሠራተኛዎም «የአበባው ወራት ገና ነው» ብለውኛል። ዘመነ ጽጌ እንኳ ከመስከረም 26 ጀምሮ ኅዳር 5 ቀን የሚያበቃ ሲሆን፣ ያየሁት የማሳ ዳር አደይ ግን ከዚያም ቀድሞ የሚደርቅ ነው። በኅዳር አጋማሽ የምናገኘው የደረቀ ግንድ ነውና ይህን ሐሳብ አንቀበልም።

ስለዚህ የከፈልነው 9,000 ብር ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ጀምሮ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመለስልን፣ ሹፌሩ የዘገየበትም ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን። ሹፌሩ ከደረሰ በኋላ በጥንቃቄ የነዳ ትሑት ሰው በመሆኑ ጥፋቱ በእርሱ ላይ ብቻ እንዲወድቅ አንሻም፤ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሰው አለመመደቡ የድርጅቱ ጉድለት ነው። መልስ ካላገኘን በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት አቤቱታችንን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል እናቀርባለን። የውሉና የደረሰኙ ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ከሰላምታ ጋር
የተጓዦቹ ተወካይ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ