ለእናቴ፣ ስለ በረንዳዬ

ዳላስ፣ ቴክሳስ
ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሙቀቱ በስተቀር ደህና ነኝ። ፎቶውን አይተሽ «ደጃፍሽ ሰው ያለበት አይመስልም፣ አንድ ቅጠል እንኳ የለውም» ያልሽው ሲከነክነኝ ሰነበተ። በስልክ እንዳልመልስልሽ ገና ሳልጀምር ታቋርጪኛለሽ፤ ስለዚህ በጽሑፍ ልሟገትሽ።

በረንዳዬ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። እስከ ቀትር ጥላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ፀሐይዋ እንግዳ ሆና ትገባና አልወጣም ትላለች። በዚህ በሰኔ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው ብልሽ ታምኛለሽ? ሲሚንቶው በባዶ እግር አያስረግጥም። እኔ ሳልመጣ፣ በፈረንጆች 2011፣ ሙቀቱ ወደ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ቀናት 71 ነበሩ።

በመጀመሪያው ዓመት ሃይድራንጃ የሚሉትን፣ እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ሰማያዊ አበባ ገዛሁ። ውበቱን እንጂ ጠባዩን አልጠየቅሁም። ሰኔ ሲገባ ቅጠሉ እሳት እንደነካው ጎመን ተኮማተረ። እኔም የጠማው መስሎኝ ጠዋት ማታ ሳጠጣው ሥሩን አበሰበስኩት።

ሁለተኛው ጥፋቴ አፈሩ ነው። አፈር በገንዘብ መግዛት ነውር መስሎኝ ከግቢው ቆፍሬ የአበባ ማስቀመጫዬን ሞላሁ። የዳላስ አፈር የበቾው ዋልካ ወንድም ነው፤ ሲረጥብ ጫማ ይነጥቃል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በማስቀመጫው ውስጥ ጡብ ሆኖ ቀረ። አሁን ለማስቀመጫ ተብሎ የተዘጋጀውን ቀላል አፈር እየከፈልኩ እገዛለሁ፤ እንዳትስቂብኝ።

ያን ጊዜ ነው የዘይት ቆርቆሮዎችሽ ትዝ ያሉኝ። አንቺ ታቹን በምስማር ሳትበሺው አንድም ነገር ተክለሽ አታውቂም። እኔ ግን ውድ ዋጋ የከፈልኩበት ማስቀመጫ ቀዳዳ የሌለው መሆኑን ያወቅሁት ውሃው ሲሸት ነው! ሌላም ተምሬያለሁ፤ ጥቁር ፕላስቲክ ሥሩን ይቀቅላል፣ ትንሽ ማስቀመጫ ደግሞ እስኪመሽ እንኳ እርጥበት አይቆይለትም። ስለዚህ ሰፋፊና ነጣ ያሉትን መረጥኩ። ጎረቤቴ፣ አንዲት ሜክሲኳዊት ባልቴት፣ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ነክሬ ደረቅ ከሆነ ብቻ፣ በማለዳ፣ ከታች እስኪንጠባጠብ እንዳጠጣ አስተማረችኝ።

አሁን ያሉኝን ልንገርሽ። ፖርቱላካ የሚባል አለ፤ ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ውሃውን እዚያው ያጠራቅማል። ፀሐይ ስትበረታ አበባውን ይከፍታል፣ ስትደክም ይዘጋል። የሌሊት ሠራተኛ ስለሆንኩ ጠዋት ስገባ አልተከፈተም፣ ማታ ስወጣ ተዘግቷል፤ በዕረፍት ቀኔ ካልሆነ አንተያይም። ቪንካ የምትባል አበባም አለችኝ፤ ግንቦት ተጋምሶ አፈሩ ሳይሞቅ ከተተከለች ትበሰብሳለች እንጂ ከዚያ ወዲያ ማንንም አታስቸግርም።

ሦስተኛውን ስትሰሚ ግን ራስሽን ትይዣለሽ። የወፍ ቆሎ! አዎ፣ ድሬዳዋና ሐረር አካባቢ መሬቱን ወርሮ ገበሬውን ያስመረረው ራሱ፣ እዚህ ላንታና ተብሎ በዶላር ይሸጣል። ትውልዱ ከዚሁ ከአሜሪካ አህጉር ነውና እሱ ወደ ዘመዶቹ ተመልሷል፤ ከእኔ ይሻላል። ፍሬው መርዝ ስላለው ብቻ የጎረቤት ልጆች እጅ እንዳይደርስበት ከፍ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ።

ጤና አዳምም ተክያለሁ፤ ሙቀቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። አረንጓዴ መልክ ያላቸው፣ ጥቁር መስመር የተሰመረባቸው አባጨጓሬዎች መጥተው እስከ ግንዱ ላጩት። ቢራቢሮ እንደሚሆኑ ስሰማ አንጀቴ አልችል አለና አንዱን ማስቀመጫ ለእነሱ ተውኩት። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ያለ ጓንት ስቆርጠው ግን ጭማቂው የነካው እጄ ውሃ ቋጠረ። አንቺ ሁልጊዜ ማለዳ ነበር የምትቆርጪው አይደል?

በሶብላው ከሁሉም ውሃ ጠጪ ነው። ባልቴቷ አበባው ሲወጣ ቀንጥሺው ትለኛለች፤ ለበርበሬ የምፈልገው አበባውን መሆኑን በምን ቋንቋ ላስረዳት?

ያየሽው ፎቶ የየካቲት ነው። እዚህ ውርጭ አለ፤ በፈረንጆች 2021 የካቲት ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ወርዶ ነበር። ስለዚህ ፍርድሽን እንደገና እዪልኝ። አዲሱን ፎቶ በቀትር፣ ፖርቱላካው ተከፍቶ ሳለ አንስቼ እልክልሻለሁ።

ኮሰረት ግን አላገኘሁም። የደረቀውን በሚመጣ ሰው ላኪልኝ፤ ዘር ግን በሻንጣ ውስጥ እንዳትሸሽጊ፣ ያለ ፈቃድ አይገባም። ለጎረቤቶቻችን በሙሉ ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

ናፋቂ ልጅሽ